ኤድሰል ላግማን፦ የአንድ የፊሊፒንስ ምርጫ ክልል ተወካይ ሕይወትና ሥራ

መዝገቡ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ፊሊፒንስ ፖለቲካ ሲወራ ሁሌ የሚነሱት ፕሬዚዳንቶቹ ማርኮስ፣ አኪኖና ዱተርቴ ናቸው። ከእነሱ በታች ስላሉት የምክር ቤት አባላት በአማርኛ የጻፈ ሰው አላጋጠመኝም። እኔ ደግሞ ሰሞኑን ስለ አንዱ ሳነብ ነው የከረምኩት። ኤድሰል ላግማን ይባላል። ጃንዋሪ 30 ቀን 2025 በ82 ዓመቱ አረፈ። (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

እሱን የመረጠው አካባቢ አልባይ ይባላል። ከሉዞን ደሴት ደቡብ ምሥራቅ፣ ቢኮል በሚባለው ክልል ውስጥ ነው። ማዮን የሚባለው እሳተ ገሞራ 2,462 ሜትር ከፍ ብሎ ከየትም ይታያል። በየጊዜው ይፈነዳል፣ ከዚያ ደግሞ አውሎ ነፋሱ አለ። በኖቬምበር 2006 አንድ ትልቅ አውሎ ነፋስ ከተራራው ላይ ጭቃና ድንጋይ አውርዶ መንደሮችን ቀብሯል። ሕዝቡ ሩዝ ያርሳል፣ ዓሣ ያጠምዳል፣ አባካ ያመርታል። አባካ ለገመድና ለጨርቅ የሚሆን ቃጫ የሚወጣበት ተክል ነው፤ የኛ እንሰት የሥጋ ዘመድ ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም። ላግማን የወከለው የአልባይን አንደኛ ምርጫ ክልል ነው። ታባኮ ከተማ፣ ቲዊ፣ ማሊናኦ፣ ማሊሊፖት፣ ባካካይና ሳንቶ ዶሚንጎ እዚያ ውስጥ ናቸው።

ለማያውቅ ሰው ሥርዓቱን ባጭሩ ልንገር። የፊሊፒንስ የተወካዮች ምክር ቤት ከ300 በላይ አባላት አሉት። ከአምስት አራቱ እጅ እንደ ላግማን ከምርጫ ክልል ይመጣሉ። የቀረው ለፓርቲ ዝርዝር፣ ማለትም መራጩ ከሰው ይልቅ ፓርቲ መርጦ ለሚያስገባቸው የተተወ ነው። ዘመኑ ሦስት ዓመት ብቻ ነው። ሦስት ጊዜ በተከታታይ ካገለገልክ በኋላ ግዴታ ትወጣለህ፤ አንድ ዘመን ውጭ ቆይተህ መመለስ ግን ትችላለህ።

ላግማን ጠበቃ ነበር። አምባገነኑ ፕሬዚዳንት ማርኮስ (አባትየው) በ1986 ሲወድቅ በበጀት መሥሪያ ቤት ምክትል ሚኒስትር ሆነ። በ1987 ምክር ቤት ገባ። እኔን የያዘኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው ታሪክ ነው። ታናሽ ወንድሙ ሄርሞን ላግማንም ጠበቃ ነበር፤ ለሠራተኞች ነበር የሚቆመው። ማርኮስ ወታደራዊ አስተዳደር ሲያውጅ ታስሮ ተፈታ፣ ግን ሥራውን አልተወም። ሜይ 11 ቀን 1977 ቪክተር ሬየስ ከሚባል የሠራተኛ ማኅበር ሰው ጋር ፓሳይ ከተማ ወደ ስብሰባ እየሄዱ ሳለ ጠፉ። አስከሬን የለም፣ እስረኛ ነው ያለ ባለሥልጣን የለም። ሌላው ወንድሙ ፊሌሞን፣ ፖፖይ እያሉ የሚጠሩት፣ ስመ ጥር የሠራተኞች መሪ ነበር። እሱን ደግሞ በፌብሩዋሪ 6 ቀን 2001 የፊሊፒንስ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ በጥይት ገደሉት።

አሁን የዚህን ሰው ሕጎች ተመልከቱ። በ2006 የሞት ቅጣትን ያስቀረው ሕግ ዋና አርቃቂ ነው። የ2009ኙ የማሰቃየት መከልከያ ሕግ ላይ እጁ አለበት። በ2012 አስገድዶ መሰወርን ወንጀል ያደረገው ሕግ የእሱ ነው፤ በእስያ የመጀመሪያው ነው። በ2013 በማርኮስ ዘመን ለተሰቃዩ ሰዎች ካሳ የሚሰጠው ሕግ ወጣ፤ እዚያም አለ። ወንድሙ የጠፋበትን ድርጊት አገሪቱ ወንጀል ብላ እስክትጽፍ 35 ዓመት ፈጅቷል።

እኔ ለዚህ ሰው ትልቅ አክብሮት አለኝ። እናንተስ?

የጉለሌው

ጥሩ ክር ነው መዝገቡ። ግን ያለፍከው ነገር አለ። የዚያን ወንበር ዝርዝር አይተኸዋል? ከ1987 እስከ 1998 ኤድሰል ላግማን። ከ1998 እስከ 2004 ሴት ልጁ ክሪሰል። ከ2004 እስከ 2013 እንደገና እሱ። ከ2013 እስከ 2016 ወንድ ልጁ ግሬክስ። ከ2016 እስኪሞት እንደገና እሱ። በ2025 ምርጫ ደግሞ ክሪሰል ተመልሳ ያዘችው። ይሄ እኮ የቤተሰብ ርስት ነው! የአገሪቱ ሕገ መንግሥት የቤተሰብ አገዛዝን ይከለክላል፤ ግን «በሕግ እንደሚወሰነው» ብሎ ትቶታል። ያንን ሕግ የሚያወጣው ማነው? እነዚሁ ቤተሰቦች የሞሉት ምክር ቤት። እስከ ዛሬ አላወጡትም። ስለ ሰብአዊ መብት የሚሟገት ሰው ወንበሩን ከልጆቹ ጋር ሲቀባበል ዝም ማለት አይገባንም።

መዝገቡ

ልክ ነህ ወንድሜ፣ አልከላከልለትም። ሁለቱንም አብረን እንያዝ ነው የምለው። የምርጫ ክልል ሥራ እዚያ አገር ምን እንደሚመስል ካየህ ስሙ እንዴት እንደሚሠራ ይገባሃል። ሰው ወደ ተወካዩ ቢሮ የሚሄደው ስለ አዋጅ ለመጠየቅ አይደለም። የሆስፒታል ክፍያ አቅቶት፣ ለቀብር የሚሆን ገንዘብ አጥቶ፣ ልጁ የትምህርት ድጎማ እንዲያገኝለት ነው የሚሄደው። መንገድና ድልድይ የሚመጣውም በእሱ በኩል ነው። ቀድሞ እያንዳንዱ የምክር ቤት አባል በዓመት 70 ሚሊዮን ፔሶ በፈለገው ፕሮጀክት ላይ ያስመድብ ነበር። በገንዘቡ ከባድ ዘረፋ ተፈጽሞ ሲጋለጥ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኖቬምበር 2013 ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ሻረው። አሠራሩ ግን መልኩን ቀይሮ ቀጠለ። የምታውቀው ስም አንዴ መድኃኒት ከገዛልህ በምርጫ ቀን ያንኑ ስም ነው የምትጽፈው። ላግማንን ያቆመው ይሄም ነው።

ልዩነቱ ወንበሩን ምን ሠራበት የሚለው ላይ ነው። ብዙዎቹ እንዲህ ያለ የተረጋገጠ ወንበር ሲይዙ ከቤተ መንግሥቱ ጋር ተስማምተው መኖር ነው። እሱ ለድምፅ የማይጠቅሙ፣ እንዲያውም የሚያስጠሉ ረቂቆችን ይዞ ነበር የሚዞረው።

የጉለሌው

ከቤተ መንግሥት ጋር አልተስማማም ያልከውን ግን አልቀበልም። በፕሬዚዳንት ግሎሪያ አሮዮ ጊዜ ማን ነበር የበጀት ኮሚቴ ሊቀመንበር? እሱ። የእሷ ሰው ነበር። አኪኖ ሲመጣ ተቃዋሚ፣ በምክር ቤቱ የአናሳው ቡድን መሪ። በኋላ ደግሞ የአኪኖ ፓርቲ የነበረው ሊበራል ፓርቲ ፕሬዚዳንት ሆኖ ነው የሞተው። ከፓርቲ ፓርቲ መዝለል እዚያ አገር ልማድ መሆኑን አውቃለሁ፣ ልማድ መሆኑ ግን ጥሩ አያደርገውም።

ሕግ_ተማሪ

የፓርቲው ነገር ሁለታችሁም ካላችሁት ሰፋ ያለ ነው። እኔ ስለ ሥነ ተዋልዶ ጤና ሕጉ ላንሳ፤ ሰውየው እዚያ ላይ ነው የሚገባኝ።

ሕጉ የሚለው ቀላል ነው። መንግሥት ለድሃ ቤተሰብ የእርግዝና መከላከያ በነፃ ያቅርብ፣ በትምህርት ቤት ለዕድሜ የሚመጥን ትምህርት ይሰጥ። ፅንስ ማስወረድ ወንጀል እንደሆነ ይቆያል። ይህን ለማውጣት 14 ዓመት ገደማ ፈጀ። በየሦስት ዓመቱ ምክር ቤቱ ሲበተን ያልጸደቀ ረቂቅ ሁሉ አብሮ ይሞታል። አዲሱ ምክር ቤት ሲከፈት ከዜሮ ትጀምራለህ፦ አዲስ ቁጥር፣ አዲስ ኮሚቴ፣ አዲስ ፊርማ ማሰባሰብ። ላግማን ይህን ደጋግሞ አድርጎታል። የካቶሊክ ጳጳሳት በግልጽ ተቃወሙት። አገሩ ቢኮል ደግሞ አጥባቂ ካቶሊክ ነው።

በዲሴምበር 2012 ሁለተኛው ንባብ ላይ ድምፅ የተሰጠው በስም ጥሪ ነበር። አባሉ ስሙ ሲጠራ ይነሳል፣ ደግፌያለሁ ወይም ተቃውሜያለሁ ይላል፣ ለምን እንደሆነም ያስረዳል። ማንም ከኋላ ወንበር መደበቅ አይችልም። ሌሊት ስምንት ሰዓት አልፎ ነው የተጠናቀቀው። 113 ለ104። ዘጠኝ ድምፅ! በሦስተኛው ንባብ ግን 133 ለ79 ሆነ። ጎበዞች ልብ በሉ፣ ላግማን የአናሳው መሪ ሆኖ ፕሬዚዳንት አኪኖን ሲቃወም የነበረ ሰው ነው። ፕሬዚዳንቱ ረቂቁን ስለሚደግፉ አብረው ሠሩ። አኪኖ በዲሴምበር 21 ቀን 2012 ፈረሙት። ያንኑ ቀን የአስገድዶ መሰወር ሕጉንም ፈረሙ። በአንድ ቀን የአንድ ሰው ሁለት ትልልቅ ሕጎች፣ ሲቃወመው ከነበረው ፕሬዚዳንት እጅ።

በ2014 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የተወሰኑ አንቀጾችን ሰርዞ ሌላውን አጽንቶታል።

ዲያቆን_ብርሃኑ

ወንድሞች፣ እኔ በዚህ ሕግ አልስማማም፣ በግልጽ ልናገር። ቤተ ክርስቲያን ስለ ጋብቻና ስለ ልጅ የምትለው ነገር በድምፅ ብዛት የሚለወጥ አይመስለኝም። የቢኮል ካቶሊኮች ስሜት ይገባኛል። ግን እውነቱን ለመናገር የሞት ቅጣቱ ጉዳይ ላይ ይህን ሰው አከብረዋለሁ። በ2006 አሮዮ ሕጉን ከመፈረማቸው ጥቂት ወራት በፊት ሞት ተፈርዶባቸው የነበሩ ከ1,200 በላይ እስረኞች ቅጣታቸው ወደ ዕድሜ ልክ ተቀይሮላቸው ነበር። ያኔ ጳጳሳቱ ከላግማን ጋር ነበሩ። ከስድስት ዓመት በኋላ ግን እነዚያው ጳጳሳት ፊት ለፊት ቆሙበት። ሰውየው ሁለቱንም ጊዜ አቋሙን አልሸሸገም። ለእኔ ይሄ ከምርጫ ፖለቲከኛ የማይጠበቅ ነገር ነው።

ሕግ_ተማሪ

ዲያቆን፣ አመሰግናለሁ። ያነሱት የሞት ቅጣት ተከታይ ታሪክ አለው። በማርች 2017 የዱተርቴ ሰዎች ሊመልሱት ረቂቅ አመጡ። 217 ለ54 አለፈ። ላግማን ተቃወመ። አሮዮም ያኔ ፓምፓንጋ ከሚባል አውራጃ ተመርጠው ምክር ቤቱ ውስጥ ነበሩ። በ2006 የፈረሙትን ሕግ አላፈርስም ብለው ተቃወሙ፣ በዚህም ምክንያት የምክትል አፈ ጉባኤነት ሥልጣናቸውን ተነጠቁ። ረቂቁ ሴኔት ገብቶ እዚያው ቀረ። የጉለሌው፣ የአሮዮ ሰው ነበር ያልከው ወዳጅነት በመጨረሻ እዚህ ቦታ ላይ አገናኝቷቸዋል።

እትዬ_አልማዝ

ልጆቼ፣ ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የማልፈው። ዛሬ ግን ቀኑን ሳየው መጻፍ አለብኝ አልኩ። ሜይ 11 ቀን 1977 ማለት በኛ ግንቦት 3 ቀን 1969 ነው። በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ላይ የሆነውን የኔ ዕድሜ ሰው አይረሳውም። ታላቅ ወንድሜን ከቤት ወሰዱት። እናቴ በየእስር ቤቱ በር ስንቅ ይዛ ትዞር ነበር። «እዚህ የለም» ነበር መልሱ ሁልጊዜ። ሞቷል ያለንም የለም። ተዝካር ማውጣት ራሱ አስቸገረን፣ በየትኛው ቀን?

ስለዚህ ሰው ፖለቲካ ብዙ አላውቅም። ግን ወንድሙ ጠፍቶበት «መሰወር ራሱን የቻለ ወንጀል ነው» ብሎ ሕግ እስኪያጽፍ መቆየቱ ልቤን ነካው። አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ሕጉ ለቤተሰብ ምን ይሰጣል?

ሕግ_ተማሪ

እትዬ አልማዝ፣ ወንድምዎን ነፍስ ይማር። እናትዎንም።

ሕጉ ለቤተሰብ የሚሰጠው ብዙ ነው። አንደኛው፣ ሰውየው የት እንዳለ እስኪታወቅ ድረስ ወንጀሉ እንደቀጠለ ይቆጠራል። ስለዚህ «ጊዜው አልፎበታል» ማለት አይቻልም። ሁለተኛ፣ «አለቃዬ አዞኝ ነው» የሚል መከላከያ አይሠራም፤ የበላዩም አብሮ ይጠየቃል። እያንዳንዱ ማቆያ ቦታ የያዛቸውን ሰዎች ሙሉ መዝገብ መያዝ አለበት፣ ቤተሰብና ጠበቃ ሲጠይቁም ማሳየት ግዴታ ነው። «እዚህ የለም» ብሎ በር መዝጋት ራሱ ሊያስጠይቅ ይችላል ማለት ነው። በጦርነትም ሆነ በአስቸኳይ ጊዜ ሕጉ አይታገድም። ቅጣቱ ከባድ እስራት ነው። ለተጎጂውና ለቤተሰቡም ካሳና ማገገሚያ ይላል።

እትዬ_አልማዝ

እግዜር ይስጥህ ልጄ። የመዝገቡ ነገር ትልቅ ነው። እናቴ የፈለገችው እሱን ብቻ ነበር።

ቀጭኔ21

ወረቀት ላይ ቆንጆ ነው። ግን በሴፕቴምበር 2023 ባታን በሚባል አውራጃ ውስጥ ሁለት ወጣት የአካባቢ ተሟጋች ሴቶች ታፍነው ጠፉ። በኋላ መንግሥት ራሳቸው እጃቸውን ሰጡ ብሎ ጋዜጠኛ ጠርቶ አቀረባቸው። ልጆቹ እዚያው ካሜራ ፊት ወታደሮች ናቸው ያፈኑን አሉ። ያኔ ሕጉ ከወጣ 11 ዓመት ሊሆነው ነበር እኮ! ሕግ ማውጣትና ማስፈጸም ለየቅል ናቸው።

መዝገቡ

ቀጭኔ፣ ያልከው ልክ ነው፣ በጣም የሚያበሳጭም ነው። ላግማንም ይህን ያውቅ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ለዚህም ነው ሕግ አውጥቶ ያልተቀመጠው። ዱተርቴ በ2017 በማራዊ ከተማ ጦርነት ሰበብ በመላው የሚንዳናኦ ደሴት ወታደራዊ አስተዳደር ሲያውጁ ላግማንና ጥቂት ባልደረቦቹ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ምክር ቤቱ ውስጥ ያኔ እውነተኛ ተቃዋሚ የሚባሉት ሰባት ሰዎች ነበሩ። በጁላይ 2017 የፍርድ ቤቱ አብላጫ ዳኞች አዋጁን አጸኑት፣ ላግማን ተሸነፈ። በ2020 የፀረ ሽብር ሕጉ ሲወጣ እንደገና ፍርድ ቤት ሄደ። 78 ዓመቱ ነበር። እንደዚያ ዕድሜ ሰው ቤቱ ቢቀመጥ ማን ይፈርድበታል?

ሰናይት_ዱባይ

ከዱባይ ነው የምጽፈው። አብረውኝ የሚሠሩት አብዛኞቹ ፊሊፒናውያን ናቸው፣ ስለዚህ ይህ ሰው ሲሞት የእነሱን ስልክ ሳይ ነው ያወቅኩት። እነሱ ዘንድ ላግማን ማለት የፍቺ ረቂቅ ማለት ነው። ከቫቲካን ሌላ ፍቺ የሌለባት አገር ፊሊፒንስ ብቻ ናት። ሙስሊሞች የራሳቸው ሕግ ስላላቸው ይፋታሉ፣ ሌላው አይችልም። ያለው ምርጫ ጋብቻው ከመጀመሪያውም ልክ አልነበረም ብሎ ፍርድ ቤት ማሳመን ነው። ጠበቃ ያስፈልጋል፣ ብዙ ጊዜ የሥነ ልቦና ባለሙያ ምስክርነት ይቀርባል፣ ዓመታት ይፈጃል፣ ገንዘቡ ደግሞ አይቀመስም።

አንዷ ጓደኛዬ ባሏ ጥሏት ሌላ ትዳር ውስጥ ከገባ ቆይቷል። እሷ ግን በወረቀት ዛሬም የእሱ ሚስት ናት። አገሯ ገብታ መሬት ልትገዛ ስትል የባል ፊርማ ተጠየቀች። ምሳ ሰዓት ላይ ይህን ስትነግረኝ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኛ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1992 በወጣው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት ተስማምተው ይፋታሉ ስላት ማመን አቃታት።

አንድ ጥያቄ አለኝ፦ እሷ ከዚህ ሆና ለምክር ቤት አባሏ መምረጥ አልችልም አለችኝ። እውነት ነው?

ሕግ_ተማሪ

ሰናይት፣ እውነቷን ነው። ውጭ ያሉ ፊሊፒናውያን በ2003 በወጣው ሕግ መምረጥ ይችላሉ። ግን የሚመርጡት ፕሬዚዳንት፣ ምክትል ፕሬዚዳንት፣ ሴናተሮችና የፓርቲ ዝርዝሩን ነው። የምርጫ ክልል ተወካያቸውን አይመርጡም። ስለዚህ የላግማን የፍቺ ረቂቅ በጣም የሚመለከታቸው ሰዎች፣ ለላግማንም ሆነ ለተቃዋሚዎቹ ድምፅ መስጠት አይችሉም ነበር።

ዲያቆን_ብርሃኑ

እህቴ ሰናይት፣ የጓደኛሽ ነገር ያሳዝናል። በፍቺ ላይ ያለኝ አቋም አልተለወጠም። ግን እንዲህ የተጎዳች ሴት መፍትሔ ማጣቷን ትክክል ነው ልል አልችልም።

የጉለሌው

ረቂቁ አሁን የት ደረሰ? በምክር ቤቱ አልፎ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ።

መዝገቡ

ሁለት ጊዜ አልፏል። በማርች 2018 134 ለ57 ሆኖ ጸድቆ ሴኔት ውስጥ ሞተ። ላግማን እንደገና አቀረበው። በሜይ 22 ቀን 2024 131 ለ109 አለፈ፣ 20 ድምፀ ተአቅቦ ነበር። ልዩነቱ ከመጀመሪያው በጣም ጠቧል፤ ጳጳሳቱም ተቃዋሚዎቹም በደንብ ተዘጋጅተው ነበር የመጡት። ያለ ሴኔት ደግሞ ሕግ አይሆንም። ሴናተሮቹ 24 ናቸው፣ የሚመረጡት በመላው አገር ነው፣ ስለዚህ የጳጳሳቱን ቃል ከምርጫ ክልል ተወካይ ይልቅ እነሱ ይፈራሉ። እንደኔ እንደኔ ረቂቁን የገደለው ይሄ ነው። ላግማን ሴኔቱን ሲጠብቅ በጃንዋሪ 2025 አረፈ። ምክር ቤቱ በጁን ሲበተን ረቂቁም ወደቀ።

አሁን አዲስ ምክር ቤት ነው። እንደገና ከመጀመሪያው ንባብ መጀመር አለበት፣ እንደገና የኮሚቴ ስብሰባ፣ እንደገና ፊርማ። የጉለሌው፣ ስለ ቤተሰቡ ያልከው እዚህ ጋ ይመለሳል፤ ክሪሰል ላግማን የአባቷን ወንበር ይዛለች። ወንበሩን በስም ነው ያገኘችው ብትል አልከራከርህም። የሰናይት ጓደኛ ግን የምትጠብቀው ያንን ረቂቅ ሴኔት ድረስ የሚገፋ ሰው ነው፣ ማንም ይሁን።

የጉለሌው

በዚህ እንስማማለን። የቤተሰብ አገዛዝን የሚከለክለውን ሕግም አብራ ታቅርብልን።